ፍሪጁ የሚነቀልበት ቅዳሜ

ፍሪጅ ጉርርር ሲል ሌላው ሰው ምን እንደሚሰማው አላውቅም። ምናልባትም ምንም አይሰማውም። እኔን ግን እስከ ዛሬ ያስበረግገኛል። «ኧረ አንዳችሁ ንቀሉት፣ አባዬ ሊጀምር ነው!» ልል ይቃጣኛል። ልጅ እያለሁ፣ ዶራቪል በነበረው አፓርታማችን፣ ቅዳሜ ጠዋት ፍሪጅ ይነቀል ነበር። ስልኩ ከመቀመጫው ይነሳል፤ መስኮት ይዘጋል፤ እናቴ ድስት እንዳታንኳኳ ትለመናለች፤ እኔ ደግሞ ሰው መጥቶ እንዳይረብሽ በር ላይ እቆማለሁ። ይህ ሁሉ ግርግር አባቴ የእንግሊዝን ታሪክ እንዲናገር ነው። የእንግሊዝን! አትላንታ ተቀምጦ፣ ጎንደር ላለች ልጁ፣ የእንግሊዝን ታሪክ።

እስቲ ከሥሩ ልንገራችሁ። ባጭሩ ነው የምነግራችሁ፤ አባዬን አልሆንባችሁም።

አባቴ ጎንደር ውስጥ የታሪክ አስተማሪ ነበር። አብሮት ያስተምር የነበረ አንድ እንግሊዛዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ትቶለት ሄደ። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ እንግሊዝ ነው፤ ስለ ነገሥታቱና ስለ ታላላቅ ጦርነቶቹ ግን አይደለም። «ትልልቁን ማንም ያውቀዋል፤ ይሄኛው የሚያወራው ጓዳ ጓዳውን ነው» ይላል አባዬ። በዚያ ክፉ ዘመን ቤተሰቡ በእግር ወደ ሱዳን ሲሰደድ እኔ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። ታላቅ እህቴን ሂሩትን ግን ወባ ይዟት ስለነበር አያቴ «ይህችን ልጅ በረሃ ላይ ልትቀብሯት ነው? ለኔ ተዉልኝ» ብላ አስቀረቻት። አባዬ ሲሰናበታት የሚሰጣት ነገር ቢያጣ ያን መጽሐፍ ሰጣት። «አንብቢው፤ ያልገባሽን እኔ እነግርሻለሁ» አላት። ሀ ሁ ገና ለቆጠረች ልጅ፣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ! የቤታችን ጣጣ የተጀመረው እንግዲህ ያን ቀን ነው።

እኛ አትላንታ ገባን፤ ሂሩት አያቴ ቤት አደገች፤ ትምህርቷንም ገፋች፤ መጽሐፉን ከፈተች፤ መጠየቅ ጀመረች። ያኔ ስልክ እሳት ነው፤ መንገደኛ ሲገኝ ካሴት ይላካል። የኔ ዘመን ሰው ያውቀዋል። የሌላው ሰው ካሴት «እንደምን ሰነበታችሁ፣ እኛ ደህና ነን፣ እገሊት ወለደች፣ እገሌ አረፈ» ይልና ለቅሶ ይከተላል። የሂሩት ካሴት ግን ሰላምታው ቶሎ ያልቅና «አባዬ፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ያልገባኝ ነገር አለ» ይላል። መቼ ነው የምትወስዱኝ ብላ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። እናቴ የምትጠብቀው ግን እሱን ነበር። ካሴቱ አልቆ ቴፑ ቀጭ ሲል ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ታስጠጋና «ምነው ልጄ፣ እኔንስ ምን ብትጠይቂኝ?» ትላለች።

አባዬ ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ላለ ሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሻንጣ ሲጭንና ሲያወርድ ስለሚውል፣ አፉን የሚከፍተው «ጉድ ሞርኒንግ» እና «ሃቭ ኤ ናይስ ፍላይት» ለማለት ብቻ ነው። ቅዳሜ ሺፍት የለውም። የሳምንቱን ዝምታ በሙሉ በቅዳሜ ይወጣዋል። ቴፑን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ሪከርዱን ይጫንና «ልጄ ሂሩት፣ ቁጭ በይ» ይላል።

«ቁጭ በይ» መዘዝ ነው። አባዬ ቁጭ በይ ካለ ተስፋ ቁረጡ። ሰዓት ስንት ነው ብትሉትም ቁጭ በሉ ነው የሚላችሁ። ሂሩት አንድ ጊዜ «ሰዎቹ የገዛ ቤታቸውን መስኮት ለምን በጡብ ደፈኑት?» ብላ ጠየቀች። መልሱ አንድ መስመር ነው፤ መንግሥት በመስኮት ቁጥር ግብር ጣለ፤ ሰዉ ግብሩን ሲሸሽ መስኮቱን ደፈነ። አለቀ! አባዬ ግን ከጡቡ ጀመረ። ጡብ እንዴት እንደሚተኮስ ተናገረ። ከዚያ ብርሃን የማይገባው ቤት ምን ምን እንደሚሸት፣ ከዚያ ጎንደር ስለነበረ ጢማም ግብር ሰብሳቢ፣ ከዚያ ሰውዬው ስለነበረችው በቅሎ። ወደ መስኮቱ ተመልሶ ሲመጣ ካሴቱ ተገልብጦ ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ በር ላይ ቆሜ ነው የምሰማው። ከታች ፓርኪንጉ ውስጥ ጓደኞቼ ኳስ ይጫወታሉ። ከሜክሲኮዎቹ ቤት የበቆሎ ቂጣና የሥጋ ጥብስ ይሸታል፤ ከቬትናሞቹ ቤት ደግሞ ቅርንፉድ የገባበት የአጥንት ሾርባ። ባቡሩ መጨረሻው ጣቢያ ሲደርስ ሲጢጥ ብሎ ይቆማል። ዓለም በሙሉ ውጭ ነው፤ እኔ በእንግሊዝ ታሪክ ታስሬያለሁ። ትዕግሥቴ ሲያልቅ በሩን ገፋ አድርጌ «አባዬ፣ አላለቀም እንዴ?» እላለሁ። እሱ ንግግሩን ሳያቋርጥ በእጁ ሂጂ ይለኛል። ቴፑ ይዞራል።

የጆሮው ጉዳይ ደግሞ አለ። እስፓኞች የአንድ እንግሊዛዊ መርከበኛ ጆሮ ቆረጡ፤ ሰውዬው የተቆረጠ ጆሮውን ይዞ ፓርላማ ገባ ይባላል፤ እንግሊዝ ጦርነት አወጀች። ሂሩት የጠየቀችው «ጆሮው ሳይበሰብስ እንዴት ቆየ?» ብላ ነው። ልጅቷም እኮ እሱኑ ነው የወጣችው! አባዬ በደስታ አበደ። የጆሮው ጦርነት እዚሁ እኛ ያለንበት ጆርጂያ ድረስ መጥቶ እንደነበር አስታወሰና፣ በሁለት ካሴት ሰፍሮ አላለቀም።

ከሁሉ የባሰው ግን የአሳማው ነው። እንግሊዝና አሜሪካ በአንድ ደሴት ድንበር ሲካሰሱ፣ የእንግሊዞቹ አሳማ ገብቶ የአንድ አሜሪካዊ ገበሬ ድንች በላ። ገበሬው አሳማውን ተኩሶ ገደለው። ወታደር መጣ፤ የጦር መርከብ መጣ፤ ተፋጥጠው ከረሙና፣ ከአሳማው በቀር ማንም ሳይሞት ታረቁ። አባዬ ይህን የተናገረው በዐቢይ ጾም ነው። እናቴ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች። «በስመ አብ ወወልድ! በጾም! ምግብ ጠረጴዛዬ ላይ! ያን የረከሰ ነገር!» ድምጿ ካሴቱ ውስጥ ገባ። አባዬ ሊያጠፋው ፈልጎ ነበር፤ ጊዜ ስላልነበረው መንገደኛው እንዳለ ይዞት ሄደ። እኔም ሰኞ ትምህርት ቤት ሄጄ ይህንኑ ብናገር አስተማሪዬ «ደስ የሚል ፈጠራ ነው» ብላ አጨበጨበችልኝ፤ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ አሳማዋ ሲሉኝ ከረሙ። አባቴ ያተረፈልኝ ይህንን ነው።

በዚያው ዓመት ቅዳሜ ሹር ዕለት ፍሪጁን ነቅሎ መልሶ መሰካቱን ረሳው። እናቴ ሁለት ወር ያህል ጾማ፣ ዶሮውንም ሥጋውንም አጥባ አሰናድታ፣ ልታስቀድስ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ሌሊት ተመልሳ ፍሪጁን ስትከፍት የወጣውን ሽታ ልነግራችሁ አልችልም። እናቴ አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና «እንግሊዞች ምን አድርጌያቸው ነው?» አለች። ያን ፋሲካ የፈሰክነው ታች የሚኖሩት ጋሽ ኑሩ ባመጡልን የበግ ጥብስ ነው።

ጋሽ ኑሩን ላስተዋውቃችሁ። የደሴ ሰው ናቸው፤ ሙስሊም፣ ባለ ታክሲ። በሥጋ ጉዳይማ ሁላችንም የምንበላው የየራሳችንን ነው፤ ያን ቀን ግን እናቴ ሦስቴ አማትባ በላች፤ «የጎረቤት እንባ የታበሰበት ሥጋ አይረክስም» አለች፤ እሳቸውም ሳቁ። ዜግነታቸውን ከኛ ቀድመው ስላገኙ በአሜሪካ ጉዳይ አማካሪያችን እሳቸው ነበሩ። የአባዬ የሲቲዝንሺፕ ኢንተርቪው ሲቃረብ በየማታው ሻይ ሊጠጡ መምጣት ጀመሩ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አባዬ ዜግነት ካገኘ ሂሩትን ቶሎ ማምጣት ይቻላል፤ ካላገኘ ገና ብዙ ዓመት ትጠብቃለች ተብለናል። አያቴ ደግሞ ደክማለች። እናቴ በሃያ አንድ ማርያም ስለት ተሳለች። የአባዬ እውቀት ማንንም አላሳሰበም፤ ያሳሰበን አፉ ነው።

«መምህር፣ እባክዎ» ይሉታል ጋሽ ኑሩ፣ «ሰውዬው ሰዓት ስንት ነው ካለዎ ሰዓቱን ይንገሩት። ሰዓትን ማን ፈለሰፈው አላለዎትም።»

«ግን እኮ ኑሩ፣ ጥያቄዎቹ ራሳቸው ጎዶሎ ናቸው» ይላል አባዬ።

«ይሁኑ! ጎዶሎ ጥያቄ በጎዶሎ መልስ ይመለሳል። እርስዎ ሊያስተምሩ አይደለም የሚሄዱት፣ ሊፈተኑ ነው።»

እኔ እንግሊዝኛዬ የልጅ እንግሊዝኛ፣ ጠያቂ ሆኜ ተመደብኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሆምወርኬን ትቼ አባቴን እፈትናለሁ። የባንዲራው ቀለም፣ የኮከቦቹ ትርጉም፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት፤ ሁሉንም ያውቃል፤ አንዱንም ግን ብቻውን አይመልሰውም። «የፕሬዚዳንቱ መኖሪያ ቤት ስሙ ማነው?» እለዋለሁ። «ዋይት ሃውስ» ይላል። «ጎሽ!» ስለው ዓይኑ ያበራል። ያኔ መጣ በሉ። «ሚሚዬ፣ ቁጭ በይማ። እንግሊዞች እኮ ይሄን ቤት አቃጥለውታል። ጦራቸው ሲደርስ ፕሬዚዳንቱ ሸሽቷል፤ ጠረጴዛው ላይ ግን እራት ተሰናድቶ ቀርቧል። ምን ያደረጉ ይመስልሻል? ተቀምጠው እራቱን በሉ። ጠገቡና ቤቱን አቃጠሉት። እራቱን በልተው ነው ያቃጠሉት!» ጉልበቱን መታ አድርጎ ይስቃል። ይህን ለሂሩትም በካሴት ልኮላታል። እኔ ይህን እራት ስንት ቀን እንደሰማሁት እግዜር ይወቀው፤ በሕልሜም ያቀርቡልኝ ጀምረው ነበር።

የኢንተርቪው ቀን ጋሽ ኑሩ በታክሲያቸው ወሰዱት። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባዬ ከረባቱን ሳይፈታ ሶፋ ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ ፈክቷል። «ሰውዬው ጨዋ ሰው ነው፤ በደንብ ተጨዋወትን» አለ።

«አለፍክ?» አለች እናቴ።

«ሌላ ቀን ተመለስ ብሎኛል።»

ጋሽ ኑሩ በሩ ላይ ቆመው ጫማቸውን ያያሉ። ቀስ በቀስ ነገሩ ተዘከዘከ። ሰውዬው የፕሬዚዳንቱ ቤት ማን ይባላል ብሎ ጠየቀው። አባዬ ዋይት ሃውስ አለ። ትክክል። ሰውዬው ወደሚቀጥለው ሊያልፍ ሲል አባዬ ወንበሩን ወደፊት ሳብ አድርጎ እራቱን ጀመረለት። የአባቴ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ ያደገ ነው፤ አፉ ደግሞ ጎንደሬ ነው። ሰውዬው ከዚያ ሁሉ ወሬ የያዘው «ዋይት ሃውስ»፣ «ጦር» እና «ማቃጠል» የሚሉትን ብቻ ነው። ብዕሩን አስቀመጠ። ሌላ ሰው ጠራ። ሁለቱም ቆመው ሰሙት፤ አባዬ አድማጭ በዛልኝ ብሎ ከአሳማው ጋር አያያዘው! በመጨረሻ እንግሊዝኛህ ገና ነው፤ ተለማመድና ተመለስ አሉት። እንግሊዝኛህ ገና ነው። አባቴን! ይህችን ሲናገር ብቻ ነው ድምፁ የወረደው።

እናቴ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለች። ቀጥላም «አንተ ሰውዬ፣ ልጄን በሰው እራት ለወጥካት?» አለችው። አባዬ ከረባቱን ፈታ፤ ጠቀለለው፤ መልሶ ፈታው። እኔ በንዴት አለቀስኩ። ያን ሁሉ ማታ የደከምኩበት፣ ኳስ የተውኩበት፣ እንዲህ ይበላሻል? ይህን ሰው ማን አፉን ይስፋልኝ?

ሳምንት ሳይሞላ አንድ መንገደኛ የሂሩትን ካሴት አመጣልን። ሰላምታው እንደ ወትሮው ቶሎ አለቀ። አያቴ ሳል እንደያዛት ተናገረች። ከዚያ «አባዬ፣ ያንን የእራቱን ነገር ሳስበው ከረምኩ። እንግሊዞቹ የበሉትን እራት ማን ነበር የሠራው? እሱስ የት ደረሰ?» አለች። ቴፑ ቀጭ አለ። እናቴ አባዬን አየችው። እኔም አየሁት። «ይህን እዚህ ስትመጣ ነው የምነግራት» አለና ተነስቶ ወደ መኝታ ቤት ገባ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ፍሪጁ አልተነቀለም። ከዚያ በሚቀጥለውም። በሩ ክፍት ነው፤ ወጥቼ እንዳልጫወት የሚከለክለኝ የለም። ስንት ዓመት የለመንኩት ቅዳሜ መጣልኝ። ታዲያ ምን ሆንኩ መሰላችሁ? ኳሱን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ጉርርር የሚል የፍሪጅ ድምፅ ይሰማል፤ እናቴ ድስቶቿን እንደፈለገች ታንኳኳለች፤ አባዬ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ባቡሩን ያያል። ተናድጄ መሞቴ ነው። ሲያወራ ያናድደኛል፣ ዝም ሲል የባሰ ያናድደኛል፤ ምን ዓይነት አባት ነው የሰጠኝ?

ሁለተኛው ቀጠሮ እስኪደርስ ክረምት ወጥቶ በጋ ገባ። እኔ መፈተኑን ቀጥያለሁ። አሁን ግን ባንድ ቃል ብቻ ይመልሳል። የፕሬዚዳንቱ ቤት? ዋይት ሃውስ። ከዚያ ከንፈሩን ይገጥማል። አፉ ጥግ ላይ እራቱ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ይውጠዋል። እኔ ጎሽ ማለቱን ተውኩት።

ፈተናውን ያለፈበትን ቀን ታሪክ የነገሩን ጋሽ ኑሩ ናቸው። አባዬ ከቢሮው ሲወጣ ላቡ በጆሮው ግንድ ይወርዳል፤ ጥርሱን ነክሷል፤ አይናገርም። «መምህር፣ ወደቁ እንዴ?» ቢሉት ራሱን ይነቀንቃል። ታክሲው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ቀበቶውን አሰረ፤ ከዚያ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ፈነዳ። ሰውዬው ደግሞ ያንኑ የቤቱን ጥያቄ ጠይቆት ኖሯል! ጋሽ ኑሩ ከዚያ እስከ ዶራቪል እራቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙት። «አላህ ይመስክርብኝ፣ መውጫውን ስቼ ሦስት ኤግዚት አልፌያለሁ» አሉ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ታች ያሉት ሜክሲኮዎች ምን መጣ ብለው ወጡ።

ሂሩት ከዚያም በኋላ ጊዜ ፈጅቶባት ነው የመጣችው። ኤርፖርት ቆመን ስንጠብቅ እናቴ የምታውቃትን ትንሽ ልጅ ነበር በዓይኗ የምትፈልገው፤ ከኋላ አንዲት ረጅም ኮረዳ መጥታ ትከሻዋን ነካቻት። ስለ እናቴ ለቅሶ አልናገርም፤ አይነገርም። አባዬ ግን በሰላምታ እጁን ዘርግቶ እንደ እንግዳ ጨበጣት። ስንት ዓመት በካሴት ሲለፈልፍላት የኖረ ሰው ቃል አጣ! ሂሩትም አንገቷን ደፋች። እኔ መሀላቸው ቆሜ ተበሳጨሁ። እኔን ማንም አላየኝም። «እና፣ አላለቀም እንዴ? አንሄድም?» አልኩ።

ሂሩት ዞር ብላ አየችኝ። አፏን ያዘች። «አንቺ ነሽ?» አለችኝ። «‹አላለቀም እንዴ› አንቺ ነሽ?» አቅፋ ከመሬት አነሳችኝ። አያቴ ቤት ካሴቱን ስትሰማ ከአባዬ ድምፅ ኋላ የምትጠብቀው ያንን እንደነበር ነገረችኝ፤ የበሩን ሲጢጥታ፣ የኔን ጭቅጭቅ፣ የእማዬን ድስት፣ የአሳማውን ቁጣ። «አያቴ ‹እኒያ ልጆች ደህና ናቸው፤ ይጨቃጨቃሉ› ትል ነበር» አለችኝ። አባዬ በከንቱ ነበር ፍሪጁን የሚነቅለው።

የጋሽ ኑሩ ታክሲ ውስጥ ገባን። አባዬ ፊት፣ እኛ ኋላ። ከኮሌጅ ፓርክ ወጥተን ሀይዌይ ያዝን። ከዚያ ሂሩት ከኋላ ወደፊት ጠጋ ብላ፣ በዚያች በካሴቷ ድምፅ፣ «አባዬ፣ እራቱን ግን ማን ነበር የሠራው?» አለች።

የአባዬ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ከኋላ አይታይም። «ቁጭ በይ» አላት። ተቀምጣ ለተቀመጠች ልጅ! ጋሽ ኑሩ «ያ አላህ፣ መጣ» ብለው መኪናውን ቀስ አደረጉት። አባዬ ከመንገዱ ጀመረ፤ ወታደሮቹ በምን ሙቀት እንደተጓዙ፤ ከዚያ ማዕዱ እንዴት እንደሚዘረጋ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ጎንደር ስለተበላሸ ሠርግ። ዶራቪል ደርሰን ፓርክ ስናደርግ ወጥ ሠሪው ገና ወሬው ውስጥ አልገባም ነበር። ሂሩት ግን መልሱን የሰማች ይመስል ነበር፤ ራሷን ወንበሩ ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል።

ይኸው ስንት ዘመን አለፈ። ጋሽ ኑሩ ወደ ደሴ ተመለሱ፤ ሂሩት ትዳር ይዛ ሌላ ስቴት ሄደች። እናቴን ከቀበርናት ወዲህ አባዬ ብሩክሄቨን እኔ ቤት ነው የሚኖረው። ፍሪጄ አዲስ ነው፤ ቢሆንም ያጉረመርማል። አሁን ደግሞ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አባዬ አጭር መልስ ለመደ። ደህና አደርክ? ተመስገን። እራት ምን ይሁን? የተገኘው። ያመሃል እንዴ? ምንም። ያኔ ቢሆን ስለት የማስገባለት መልስ ነው፤ ዛሬ አንጀቴን ይበላዋል። ልጄ ናቲ በበኩሉ የሚጠይቀው ስልኩን ነው። ስልኩ ባንድ መስመር ይመልስለታል፤ ናቲ «ኦኬ» ይላል፤ አለቀ። ማንም ቁጭ በል አይለውም። ማንም ከጡቡ አይጀምርለትም።

ባለፈው ቅዳሜ ቁርስ ላይ ናቲ ስልኩን እያየ «ማሚ፣ ላይክ፣ እንግሊዞች ዋይት ሃውስን አቃጥለውት ነበር፣ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ታውቂያለሽ! እኔን! አባዬ ከሻዩ ላይ ቀና አላለም። እኔ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ጆሮው ደክሟልና፣ «አባዬ! ያንን እራት ግን ማን ነበር የሠራው?» አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። እኔን አየኝ። ፍሪጁን አየው። ጉርርር ይላል። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቁጭ በይ» አለኝ።

አልተቀመጥኩም። ሄጄ ፍሪጁን ነቀልኩት። «ማሚ! ምን እያደረግሽ ነው? አይስክሬሙ!» አለ ናቲ። «ይቅለጥ!» አልኩት፤ ሥጋውም ይበስብስ፣ ሁሉም ይበላሽ። ለሂሩት ልልክላት ስልኬ ላይ ሪከርዱን ተጫንኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው አባዬ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። አባዬ ከመንገዱ ጀመረ። ከሙቀቱ። ድምፁ መጀመሪያ ሻክሮ ነበር፤ ወደ ማዕዱ ሲደርስ ተፍታታ። ናቲ ኳሱን ይዞ ወጣ። ምሳ ሰዓት ሲሆን በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ። ወጥ ሠሪው ገና አልመጣም።

«ማሚ፣ አላለቀም እንዴ?» አለ።

በእጄ ሂድ አልኩት።